የዋዛ መለከቶችን በኖታ መጻፍ፦ ብዙ ድምፆችን በአንድ ስታፍ ላይ የማስቀመጥ መመሪያ

በአሶሳና በአካባቢዋ የበርታ ሰዎች የሚነፉት ዋዛ የቅል መለከት ነው። ተቆርጠው እርስ በርስ ከተገጣጠሙ ቅሎች ይሠራል፤ ትልቁ የአንድ ሰው ቁመት ያህል ይረዝማል። አንድ መለከት የሚሰጠው አንድ ቃና ብቻ ስለሆነ ማንም ነፊ ዜማውን ብቻውን ሊጫወት አይችልም። አሥርና ከዚያ በላይ የሚሆኑ ነፊዎች ተራቸውን ጠብቀው እየተፈራረቁ ሲነፉ ነው ዜማው የሚወጣው። በሱዳን የብሉ ናይል አካባቢ የሚኖሩ በርታዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ።

ይህን ሙዚቃ በኮምፒውተር ኖታ ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ብዙም ሳይቆይ ችግር ያጋጥመዋል። ሁለት ኖታዎች ይደራረባሉ፤ እረፍቶች ገጹን ይሞሉታል፤ የትኛው ኖታ የየትኛው መለከት እንደሆነ አይለይም። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ኖታዎቹን በማውስ እየጎተቱ ማስተካከል ይጀምራሉ። ይህ መመሪያ የሚመክረው ሌላ መንገድ ነው፦ ኖታው የት ይቀመጥ ከማለትዎ በፊት የማን እንደሆነ ይወስኑ። ባለቤቱ ከታወቀ አብዛኛውን አቀማመጥ ሶፍትዌሩ ራሱ ይሠራዋል።

መመሪያው ለሙዚቃ መምህራን፣ ለባህል ቢሮ ባለሙያዎች፣ ለሙዚቃ ተማሪዎችና ለመዘምራን አቀናባሪዎች ነው። ማሳያችን ሙዝስኮር ነው፤ በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሲቤሊየስ ወይም ዶሪኮ የሚጠቀሙ ሰዎች ቁልፎቹ ቢለያዩባቸውም የአጻጻፉ ሕግ አንድ ነው። ፊናሌ ላይ የቆዩ ደግሞ አምራቹ በነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ሶፍትዌሩን ማሳደግ እንዳቆመ ስላስታወቀ፣ ሥራቸውን በሙዚክ ኤክስኤምኤል አውጥተው ወደ ሌላ ሶፍትዌር ቢያዛውሩ ይሻላል።

1. መጀመሪያ መለከቶቹን ለየብቻ ይቅረጹ

ከቡድኑ ሽማግሌና ከነፊዎቹ ፈቃድ ይጠይቁ። ቅጂው ምን ላይ እንደሚውልና ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ አስቀድመው ይንገሯቸው። ከዚያ መለከቶቹን ከትልቁ ወደ ትንሹ በተራ አስቁመው ቁጥር ይስጧቸው፤ ትልቁ 1 ይሁን። ነፊዎቹ ለየመለከቱ የሚጠሩበት ስም ካላቸው ከቁጥሩ ጎን ይጻፉት።

መጀመሪያ ሙሉውን ቡድን አንድ ላይ ይቅረጹ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ክፍል ብቻውን ይንፋልዎ። እዚህ ላይ ችግር አለ፤ ጓደኞቹን ካልሰማ ተራው መቼ እንደሚደርስ ይጠፋዋል። የሙዚቃ ተመራማሪው ሲምሃ አሮም በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ የባንዳ ሊንዳ ሰዎችን የቀንድ መለከት ሲያጠና ይኸው ችግር ገጥሞት ነበር። መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ አንዱን ነፊ ይቀርጻል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ይነፋል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ ይቀጥላል። ዛሬ ይህን ለመሥራት ሁለት ስልክና አንድ ማዳመጫ ይበቃል፤ አንዱ ስልክ ያሰማል፣ ሌላው ይቀርጻል።

የምቱ መነሻ የት እንደሆነ በግምት አይወስኑ። ድምፆች በሚፈራረቁበት ሙዚቃ ጆሮ የመጀመሪያውን ምት በቀላሉ ይስታል። የጨፋሪዎቹን እግር በቪዲዮ ይቅረጹ፤ ባር የሚጀመርበትን ቦታ የሚነግርዎት እሱ ነው።

የየመለከቱን ቃና በስልክ የቃና መለኪያ ይለኩ። የቅል መለከት ቃና ከፒያኖ ቁልፎች ጋር ልክ ላይገጥም ይችላል። በጣም የሚቀርበውን ኖታ ይጻፉና ልዩነቱን በሴንት (የግማሽ ቃና አንድ መቶኛ) በመግቢያው ገጽ ላይ ያስፍሩ። ሙዝስኮር ላይ ኖታውን መርጠው በፕሮፐርቲስ መስኮት የሴንቱን መጠን ካስገቡ ኮምፒውተሩ ሲያጫውተውም ወደ እውነተኛው ቃና ይቀርባል።

2. ማን እንደሚያነበው ይወስኑ

ለአጥኚና ለማኅደር ከሆነ ለእያንዳንዱ መለከት አንድ ስታፍ ይስጡ። አሥራ አንድ መለከት ካለ አሥራ አንድ ስታፍ ይሆናል፤ ገጹ ረጅም ቢሆንም ምንም አይደራረብም። ለተማሪ፣ ለፒያኖ ተጫዋች ወይም ለመዘምራን መሪ ከሆነ ግን ያን ሁሉ መስመር በአንድ ዓይን ማንበብ ይከብዳል። ለእነሱ በሁለት ወይም በሦስት ስታፍ የተጨመቀ ቅጂ ያዘጋጁ። የአቀማመጥ ጥያቄ የሚነሳው በተጨመቀው ቅጂ ላይ ነው።

ሙዝስኮር በአንድ ስታፍ ላይ እስከ 4 ድምፆች ይፈቅዳል። ተፈቀደ ተብሎ ግን አራቱንም መሙላት አይገባም። ለንባብ የሚመቸው በአንድ ስታፍ ሁለት ድምፅ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ይግቡ።

3. ጥንዶቹን በጥበብ ይምረጡ

ለልምምድ ያህል የተዘጋጀ አንድ ባር እነሆ፤ የማንም ዜማ አይደለም። አራት መለከቶች፣ ስምንት ስምንተኛ ኖታዎች አሉት። ● ይነፋል፣ – ያርፋል ማለት ነው።

ሶል (4)፦ – – – ● – – – ●
ሚ (3)፦ – ● ● – – ● ● –
ሬ (2)፦ – – ● – – – ● –
ዶ (1)፦ ● – – – ● – – –

በሦስተኛውና በሰባተኛው ቦታ ሬ እና ሚ አብረው ይነፋሉ። ሁለቱ ጎረቤት ቃናዎች ስለሆኑ በአንድ ስታፍ ላይ ከተቀመጡ የኖታ ራሶቻቸው ይጋጫሉ። ሶል እና ሚ ግን አንድም ቦታ ላይ አይገናኙም፤ ሬ እና ዶም እንዲሁ። ስለዚህ ሶልና ሚን በላይኛው ስታፍ፣ ሬና ዶን በታችኛው ብናደርግ የመለከቶቹ ተራ ሳይፈርስ ግጭቱ ይጠፋል። ማውስ መንካት አላስፈለገም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት፦ ሶፍትዌሩን ከመክፈትዎ በፊት እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ በወረቀት ይሥሩ፤ አብረው የሚነፉ ጎረቤት ቃናዎችን ይፈልጉ፤ ከተቻለ በተለያየ ስታፍ ይለያዩአቸው።

4. ድምፆቹን ያስገቡ

ሀ. የኮምፒውተሩን የፊደል ገበታ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ። የግዕዝ ፊደል ከበራ የኖታ ቁልፎቹ አይሠሩም።

ለ. የኤን ቁልፍን ተጭነው ወደ ኖታ ማስገቢያ ይግቡ። ስምንተኛ ኖታ ለማግኘት 4ን፣ ሩብ ኖታ 5ን፣ ግማሽ ኖታ 6ን ይጫኑ። እረፍት 0 ነው።

ሐ. ድምፅ 1 ላይ ሆነው የላይኛውን መለከት ሙሉውን ባር ከእነ እረፍቱ ያስገቡ።

መ. ወደ ባሩ መጀመሪያ ይመለሱ፤ ኮንትሮል፣ ኦልት እና 2 አንድ ላይ ተጭነው ወደ ድምፅ 2 ይሻገሩ፤ የታችኛውን መለከት ያስገቡ። ማክ ላይ በኮንትሮል ፈንታ ኮማንድ፣ በኦልት ፈንታ ኦፕሽን ነው።

ሠ. ኖታውን ሲመርጡት የድምፁን ቁጥር በቀለሙ ያውቁታል፦ ድምፅ 1 ሰማያዊ፣ 2 አረንጓዴ፣ 3 ብርቱካናማ፣ 4 ሐምራዊ። ኖታው በስህተት ወደ ሌላ ድምፅ ከገባ አይሰርዙት፤ ይምረጡትና በመሣሪያ አሞሌው ላይ ያለውን ትክክለኛ የድምፅ ቁጥር ይጫኑ።

በአንድ ስታፍ ላይ አራት ድምፅ ማስገባት ግድ ከሆነ ቁጥሮቹ በከፍታ ተራ እንደማይሄዱ ያስታውሱ። 1 እና 3 ዘንጋቸው ወደ ላይ ነው፤ 2 እና 4 ወደ ታች። (ዘንግ ያልነው ከኖታው ራስ የሚወጣውን ቀጥ ያለ መስመር ነው።) ስለዚህ ከፍተኛው ድምፅ 1፣ ቀጣዩ 3፣ ከዚያ 4፣ ዝቅተኛው 2 ይሆናል።

አንድ መለከት ከመጀመሪያው ባር እስከ መጨረሻው የድምፅ ቁጥሩን አይለውጥ። ሦስተኛው መለከት በ1ኛው ባር ድምፅ 2፣ በ5ኛው ባር ድምፅ 1 ከሆነ አንባቢው ይጠፋዋል፤ በኋላ ለየነፊው የራሱን ገጽ ማውጣት ሲፈልጉም ክፍሎቹ ተደባልቀው ይወጣሉ።

5. የአቀማመጡን ሕግ ይወቁ

ሶፍትዌሩ እነዚህን በአብዛኛው ራሱ ይፈጽማል፤ ግን ሲሳሳት የሚያውቁት ሕጉን ካወቁ ነው።

*ዘንግ።* ሁለት ድምፅ ባለበት ባር የላይኛው ድምፅ ዘንግ ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ የታችኛው ወደ ታች ነው፤ ኖታው በስታፉ ላይ የትም ቢቀመጥ። አንድ ድምፅ ብቻ በቀረበት ባር ዘንጎቹ ወደ ተለመደው አቅጣጫቸው ይመለሳሉ።

*የሦስት ቃና ርቀትና ከዚያ በላይ።* እንደ ዶ እና ሚ ያሉ ሁለት ኖታዎች በአንድ ቀጥታ መስመር፣ አንዱ በሌላው ላይ ይቀመጣሉ። ወደ ጎን መሸሽ አያስፈልጋቸውም።

*ጎረቤት ቃናዎች።* እንደ ሬ እና ሚ ያሉት ጎን ለጎን ይሆናሉ። የላይኛው ድምፅ ኖታ በግራ፣ የታችኛው በቀኝ። ዘንጎቻቸው እንዲህ ሲሆኑ በአንድ መስመር ላይ የሚቀጥሉ ይመስላሉ፤ አንባቢም አብረው እንደሚነፉ ወዲያው ያያል። ቦታቸው ከተገለበጠ ዘንጎቹ ተራርቀው ሁለቱ ኖታዎች በተለያየ ጊዜ የሚነፉ ይመስላሉ።

*አንድ ዓይነት ቃና።* ሁለት ድምፆች በአንድ ቃና ላይ ከተገናኙና ርዝመታቸው እኩል ከሆነ አንድ ራስ ሁለት ዘንግ ያወጣል። ሩብና ስምንተኛ ኖታም ሁለቱም ጥቁር ራስ ስላላቸው ራስ ሊጋሩ ይችላሉ። ግማሽ ኖታ ግን ራሱ ነጭ ስለሆነ ከሩብ ጋር አይጋራም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ነጥብ ያለውና ነጥብ የሌለውም እንዲሁ ይለያያሉ፤ አለዚያ ነጥቡ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁለት ሙሉ ኖታዎች ዘንግ ስለሌላቸው ሁለት ራስ ጎን ለጎን ይጻፋሉ።

*ነጥብ።* ኖታው መስመር ላይ ካረፈ የላይኛው ድምፅ ነጥብ ከመስመሩ በላይ ባለው ክፍተት፣ የታችኛው ድምፅ ነጥብ ከመስመሩ በታች ባለው ክፍተት ይገባል።

*ማያያዣዎች።* የላይኛው ድምፅ ቅስት ወደ ላይ ይጎብጣል፣ የታችኛው ወደ ታች። የድምፅ ጉልበት ምልክቶችም የላይኛው ከስታፉ በላይ፣ የታችኛው ከስታፉ በታች ይጻፋሉ።

*መሻገር።* የላይኛው ድምፅ ከታችኛው በታች ከወረደ ዘንጉ ወደ ላይ እንደሆነ ይቆይ። በአንድ ቃና የሚነፋ ዋዛ ውስጥ ይህ አይከሰትም፤ በመዘምራንና በዋሽንት ቅንብር ግን የዘወትር ነገር ነው።

6. እረፍቶቹን ይግዙ

የዋዛ ኖታ ትልቁ ፈተና እረፍት ነው። እያንዳንዱ ነፊ ከሚነፋበት ይልቅ የሚጠብቅበት ጊዜ ይበዛል፤ በሁለት ድምፅ ስታፍ ላይ ሁሉም እረፍት ከተጻፈ ገጹ የዝምታ ዝርዝር ይሆናል። ሦስት መፍትሔዎች አሉ።

አንደኛ፣ ሁለቱም ድምፆች በእኩል ጊዜ የሚያርፉባቸውን ቦታዎች ያዋህዱ። በምሳሌያችን ላይ ሶልና ሚ በ1ኛውና በ5ኛው ቦታ አብረው ያርፋሉ፤ እዚያ ሁለት ሳይሆን አንድ እረፍት መሃል ላይ ይበቃል። በሙዝስኮር የስታይል መስኮት ውስጥ ተመሳሳይ እረፍቶችን የሚያዋህድ ምርጫ አለ፤ ያብሩት።

ሁለተኛ፣ አንዱ ሲነፋ ሌላው የሚያርፍበትን እረፍት ይደብቁ። እረፍቱን መርጠው የቪ ቁልፍን ሲጫኑ በኅትመት ላይ አይታይም። በድምፅ 2፣ 3 እና 4 ያለ እረፍት በዲሊት ቁልፍም ይጠፋል። ነገር ግን ሁሉንም አይደብቁ፤ በባሩ መጀመሪያ ያለውን እረፍት ካጠፉት አንባቢው የድምፁን መግቢያ መቁጠር ያቅተዋል።

ሦስተኛ፣ መለከቶቹ ፈጽሞ የማይገናኙ ከሆነ ሁለት ድምፅ መሆናቸውን ይተዉና በአንድ ድምፅ ይጻፏቸው። የላይኛው ስታፍ እረፍት፣ ሚ፣ ሚ፣ ሶል ይሆናል፤ የታችኛው ዶ፣ እረፍት፣ ሬ፣ እረፍት። ከዚያ ኮንትሮልና ኤል ተጭነው በግጥም ቦታ ላይ የመለከቱን ቁጥር ከየኖታው ሥር ይጻፉ፦ 3፣ 3፣ 4። ይህ አጻጻፍ ዜማውን እንደሚሰማ ያሳያል፤ የነፊውን ባለቤትነትም ቁጥሩ ይጠብቃል። ለተማሪ የሚሻለው ይህ ነው። ለማኅደር ግን በቂ አይደለም፤ ሙሉው ቅጂ ከጎኑ ይኑር።

7. መለከትና ምት በአንድ ሰው እጅ ሲሆኑ

ከዋዛ ነፊዎች መካከል እየነፉ ትከሻቸው ላይ የተሸከሙትን እንጨት የሚመቱ አሉ። ይህ ሁለት ድምፅን በአንድ ስታፍ ለመጻፍ ከሁሉ የሚስማማ ቦታ ነው፤ ሁለቱም የአንድ ሰው ሥራ ናቸውና። መለከቱን በድምፅ 1፣ ዘንጉ ወደ ላይ፤ ምቱን በድምፅ 2፣ ዘንጉ ወደ ታች ይጻፉ። ምቱን በዝቅተኛ ቋሚ ቦታ ላይ ያስቀምጡና ከፓሌቱ የመስቀል ቅርፅ ያለውን የኖታ ራስ ይስጡት፤ ቃና የሌለው መሆኑ ይታወቃል። እዚህ ላይ እረፍቶችን አይደብቁ፤ እጁና አፉ መቼ እንደሚለያዩ የሚነግሩት እነሱ ናቸው።

8. በእጅ ማስተካከል በመጨረሻ ይምጣ

ሕጉን ሁሉ አክብረው አሁንም የሚያስቸግር ቦታ ካለ፦

ዘንጉን ለመገልበጥ ኤክስ ይጫኑ። የኖታውን ራስ ወደ ዘንጉ ሌላ ጎን ለማዞር ሺፍትና ኤክስ። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ትንሽ ለመግፋት ኤፍ 8ን ተጭነው በፕሮፐርቲስ መስኮት የአግድም ርቀቱን በቁጥር ይስጡ። መለኪያው በሁለት የስታፍ መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ የአንድ ኖታ ራስ ስፋት ከዚያ ጥቂት ይበልጣል። በቁጥር መሥራት በማውስ ከመጎተት ይሻላል፤ በሌላ ባር ላይ ተመሳሳይ ችግር ሲመጣ ያንኑ ቁጥር መድገም ይቻላል።

ይህን ሥራ የገጹ ስፋት፣ የስታፉ መጠንና በአንድ መስመር ያሉ ባሮች ብዛት ከተወሰነ በኋላ ብቻ ይሥሩት። ቀድመው ከጀመሩት ገጹ ሲቀየር ልፋትዎ እንዳልነበረ ይሆናል።

9. የአማርኛውን ጽሑፍ ያስተካክሉ

ርእሱን፣ የመለከቶቹን ስምና ማብራሪያውን በግዕዝ ፊደል ሲጽፉ ፊደሉን የሚያውቅ ቅርጸ ፊደል ይምረጡ፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ይሆናል። በስታይል መስኮት አንዴ ካስቀመጡት ለሁሉም ገጽ ይሠራል። ለሌላ ሰው ሲልኩ በፒዲኤፍ ይላኩ፤ ያኔ ተቀባዩ ቅርጸ ፊደሉ ባይኖረውም ጽሑፉ አይበላሽም።

ኮምፒውተርዎ አሮጌ ከሆነና ሙዝስኮር 4 ከከበደው ስሪት 3.6.2ን ይጫኑ፤ እዚህ የተጠቀሰውን ዋና ሥራ ይሠራል። ለብቻው የሚወርደው ትልቁ የድምፅ ክምችት ለኖታ አጻጻፍ አያስፈልግም፤ ዳታዎን አይጨርሱበት።

10. ወደ ነፊዎቹ ይመለሱ

ሥራው ያለቀ ሲመስል በሚክሰር መስኮት (ኤፍ 10) ስታፎቹን አንድ በአንድ ብቻቸውን ያጫውቱና ከቅጂው ጋር ያስተያዩ። ከዚያ ላፕቶፑን ይዘው ወደ ቡድኑ ይሂዱ። ነፊዎቹ ኖታ ማንበብ አይጠበቅባቸውም፤ ጆሮአቸው ይበቃል። አንድ መለከት ግማሽ ምት ቢዘገይ ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሚሉትን እዚያው ያስተካክሉ።

ለሌሎች ዜማዎችም ይሆናል

ተመሳሳይ አሠራር በሌሎች የኢትዮጵያ አካባቢዎችም አለ። የደራሼ ሰዎች ፊላ የተባለውን መሣሪያ በቡድን እየተፈራረቁ ይነፋሉ፤ በሰሜን ሦስት እምቢልታዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ቃና ብቻ እየሰጡ አንድ ዜማ ያወጣሉ፤ የዶርዜ ሰዎች ደግሞ ብዙ ድምፅ ያለው ዝማሬ አላቸው። ለእምቢልታ ለእያንዳንዱ ነፊ አንድ ስታፍ ይበቃል። ለዶርዜ ዝማሬ ድምፆች ስለሚሻገሩ የመሻገርንና የአንድ ዓይነት ቃናን ሕግ በተለይ ይጠብቁ።

በመጨረሻም፣ በእያንዳንዱ ቅጂ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የቡድኑን ስም፣ ቀበሌውን፣ የተቀረጸበትን ቀን፣ ፈቃዳቸውን ከሰጡም የነፊዎቹን ስም ይጻፉ። አንድ የታተመ ቅጂ ለቡድኑ፣ አንድ ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ይስጡ፤ ፋይሉንም ከድምፅ ቅጂው ጋር አብረው ያኑሩ። ከአንድ ዜማ ይጀምሩ፤ ዘንድሮ ይጀምሩ።